ችግኙ የሄደበት ቤት

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ከእስር ቤት በር ላይ ተቀብላ ወደ ቤት ያመጣችው ዕለት፣ ሰውየው ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዘለቀ። እሷ ሳሎን የተሰቀለውን የእናታቸውን ፎቶ አይቶ ሆድ ይብሰዋል ብላ መሐረብ በእጇ ይዛ ነበር። እሱ ግን አባታቸው የተከሉት ወይን ሥር ቆሞ የአንዱን ቅርንጫፍ ቅርፊት በጥፍሩ ፋቅ አደረገና ዓይኑን አስጠግቶ አየ። ውስጡ አረንጓዴ ነበር።

«በሕይወት አለ» አለ፣ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው። ዞሮ ያቀፋት ከዚያ በኋላ ነው።

በልጅነቱ ጉንጩ ሙሉ ስለነበር ቤተሰቡ «ድንቡሼ» እያለ ነው ያሳደገው። አሁን ጉንጩ ገብቷል፣ የአንገቱ አጥንት ወጥቷል፣ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። የሰፈሩ ሰው «ድንቡሼ እንኳን ተፈታህ» እያለ ሲጨብጠው የሚያየው ሁሉ ሳቁን ዋጥ ያደርግ ነበር።

ከመታሰሩ በፊት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሩቅ አገር ዕቃ ጭኖ ሲነዳ አድሮ ማለዳ ከተማ ሲገባ እንቅልፍ ሸለብ አደረገውና በብስክሌት ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ገጨ። ሰውየው እዚያው አረፈ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጠበቃው ፍሬኑ እምቢ አለኝ በል ቢለው፣ ድንቡሼ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው አለ። ተፈረደበት። የሟቹ ወንድሞች ችሎት እየመጡ ከኋላ ይቀመጡ ነበር፤ ሚስቱ ግን እርጉዝ ሆና የአልጋ ቁራኛ ስለነበረች አንድም ቀን አልመጣችም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። በነዚያ ዓመታት ንጹሕ ልብስ እየያዘች ስትመላለስ የኖረችው እሷ ናት።

ቤቱን ወላጆቻቸው የተዉት ለሁለቱም ነው። እሷ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ኖራበታለች። ጣሪያውን አስጠግናለች፣ የፊቱን ክፍል የልብስ ስፌት ቤት አድርጋዋለች፤ ሳይታወቃትም የብቻዋ ነው ብላ ማሰብ ለምዳለች። ወንድሟን ትወደዋለች። ቢሆንም የጫማው ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ሁልጊዜ ቀና ትል ነበር።

ወይኑ በአባታቸው ጊዜ በቋሚና በሽቦ ዳስ ላይ ወጥቶ ግቢውን እንደ ጣሪያ የሸፈነ፣ በበጋ ሰው ሁሉ ከሥሩ ቁጭ ብሎ የሚውልበት ሐረግ ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ የሚነካው ጠፋ። ግንዱ የሰው ጭን አክሎ፣ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ ተተብትቦ የዕቃ ቤቱን ቆርቆሮ ወረሰው። ቅጠል ሞልቶታል፤ ፍሬ ግን ካፈራ ቆይቷል። ለእሷ አረንጓዴ መሆኑ ብቻ በቂ ነበር።

ቅጠሉ እንደረገፈ ድንቡሼ መጋዝና መቀስ ይዞ መሰላል ላይ ወጣ። እሷ የልብስ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስትሰፋ ቆይታ፣ የመጋዙ ድምፅ አልቆም ሲላት የመርፌ መሰኪያው እጇ ላይ እንደታሰረ ወጣች። ግቢው መሐል የቤት በር የሚያክል የቅርንጫፍ ክምር አለ። ወይኑ ላይ የቀረው ግንዱና ግራና ቀኝ የተዘረጉት ሁለት ክንዶቹ ብቻ ናቸው። አባቷን ሲመቱባት ያየች ያህል ደሟ ፈላ። እሱ ከመሰላሉ ሳይወርድ በትዕግሥት አስረዳት። እስር ቤቱ አትክልት ቦታ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ እስረኛ ጋር ዓመታት እንደሠራ፣ ወይን ካልተከረከመ እንጨት ብቻ እንደሚቀልብ፣ ፍሬ የሚሰጠው አምና ከበቀለው ዘንግ ላይ የሚወጣው አዲስ ቀንበጥ እንደሆነ ነገራት። ሰማችው፤ አላመነችውም።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የተቆረጡት ጫፎች ውሃ ያንጠባጥቡ ጀመር። ድንቡሼ ሥሩ ነቅቷል ማለት ነው ብሎ ደስ አለው። እሷ ግን ያን ጠብታ ስታይ ተክሉ ደሙ እየፈሰሰ የሚሞት መሰላት፤ አክስታቸው ብቅ ስትል አሳየቻት። አክስት የአባታቸው ታናሽ እህት ናት፤ ወሬ ሳትይዝ አትመጣም፣ ሳትይዝም አትሄድም። ባዶውን ግቢ ከዳር እስከ ዳር ቃኘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግቢ ሊሸጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማጽዳት ነው አለች። እስር ቤት ከርሞ የወጣ ሰው ዓይኑ ድርሻው ላይ ነው፤ አንቺ ደግሞ የዋህ ነሽ አለቻት። ይህችን ተናግራ ሄደች፤ ነገሩ ግን ልብስ ሰፊዋ ጋ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያየችው ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ። ድንቡሼ ከክምሩ ውስጥ እርሳስ የሚያካክሉ ቀጥ ያሉ ዘንጎች መርጦ ቆራረጠና አሸዋ በሞሉ የዘይት ጣሳዎች ውስጥ ተክሎ በግድግዳው ጥላ ደረደራቸው። ቅጠል የሚወጣበትን ጉብታ «ዓይን» ይለዋል፤ ሁለቱን ዓይን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ አንዱን ከላይ ይተዋል። ይህስ ይሁን አለች። ሌላ ቀን ግን በመጋረጃው ስታይ ሲባጎ ይዞ ግቢውን ይለካል። ከግንዱ እስከ አጥሩ፣ ከአንዱ ቋሚ እስከ ሌላው ቋሚ እየዘረጋ ሲባጎው ላይ ቋጠሮ ይቋጥራል። ወጥታ ምን እየለካህ ነው ብላ መጠየቅ ትችል ነበር። ግን ከጠየቀችው ይመልስላታል፣ ከመለሰላት ደግሞ እሺ ወይም እምቢ ማለት ሊኖርባት ነው። መጋረጃውን ለቀቀችው።

በዚያው ሰሞን የእናቷ ዕቃ ያለበትን ክፍል በጓጉንቸር ቆለፈችው። ድንቡሼ በበሩ ሲያልፍ ቁልፉን አየት አድርጎ አለፈ።

ወይኑ አልሞተም። እንዲያውም ሲያቆጠቁጥ ድፍን ግቢው ለምለም ሆነ፤ ድንቡሼም ቀንበጦቹን ገና ለስላሳ ሳሉ እየመረጠ በሽቦው ላይ ያስራቸው፣ የበዙትን ይነቅላቸው ነበር። በጥላው ስትቀመጥ ልብስ ሰፊዋ በጥርጣሬዋ ጥቂት አፈረች። ነገር ግን ከጣሳዎቹ አንዱ፣ ከሁሉም ደህና ሥር የሰደደው፣ ከቦታው ጠፋ። ለሰው ሰጠሁት አላት። ለማን ብትለው፣ የምታውቂው ሰው አይደለም አላት፤ ወደ ሥራውም ሄደ።

ሥራው አንድ መጋዘን ውስጥ ጆንያ መደርደር ነው። መኪና መንዳት ቀርቶ ተሳፍሮም አይሄድም፤ የትም የሚደርሰው በእግሩ ነው። ከሥራ የሚያርፍበት ቀን ከሰዓት ላይ ግን ይታጠባል፣ ነጭ ሸሚዙን ይለብሳል፣ መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይወጣል። አንዳንዴ ሽቦ፣ አንዳንዴ የበሰበሰ ፍግ በፌስታል ይይዛል። ሲመለስ ሸሚዙ የፀጉር ቅባትና የተተኮሰ ፀጉር ይሸታል። ክረምት አልፎ በጋ መጣ፤ ወይኑ ሌላ ጊዜ ተከረከመ፣ ሌላ ጊዜ አቆጠቆጠ፤ ድንቡሼም ያን መንገድ አልተወም።

አንድ ቀን ለትንሽ ልጅ የትምህርት ቤት ልብስ ስፊልኝ፣ ጨርቁን እኔ እገዛለሁ አላት። ቁመቷን በእጁ ደረቱ ሥር አሳያት። ሰፋችለት፤ አፏን ግን ዘግታ ነው የሰፋችው። በሳምንቱ ሸሚዙን ስታጥብ ኪሱ ውስጥ የልጅ ሰማያዊ ሪባን አገኘች።

አክስት ይህን ስትሰማ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ቋጨችው፤ ሴት አለችው፣ ልጅ አለችው፣ ልጅቷም ከመታሰሩ በፊት የተጸነሰች ናት፤ ነገ ጠዋት ዕቃቸውን ጭነው በር ላይ ይቆማሉ። ልብስ ሰፊዋ ቁመቱን ከዕድሜ ጋር፣ ዕድሜውን ከእስሩ ጋር ስታስተያየው ልክ መጣ። ከቤቱ ይልቅ ያንገበገባት ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ዓመት ልብስ ይዛ ስትመላለስ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስታለቅስ፣ ሚስትና ልጅ አለኝ ብሎ አንዲት ቃል አለመተንፈሱ።

በማግስቱ ድንቡሼ ነጭ ሸሚዙን ሲለብስ እሷም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፤ ጥቂት ካስቀደመችው በኋላ ተከተለችው። በእግሩ ስለሚሄድ መከተሉ አላስቸገራትም። ድልድዩን ተሻገረ፣ የብረታ ብረት ሱቆቹን አለፈ፣ አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባ። መጨረሻው ላይ በሩ ላይ የሴት ጭንቅላት የተሳለበት ፀጉር ቤት አለ። ከበረንዳው ጎን ወጣት ወይን በቋሚው ላይ ተጠምጥሞ ወጥቶ፣ በሦስት ሽቦ ላይ ተዘርግቶ አግዳሚው ወንበር ላይ ጥላ ጥሎበታል። ከሥሩ ፀጉራቸው የተጠቀለለ ሴቶች ቁጭ ብለው ይሳሳቃሉ። ልብስ ሰፊዋ የሽቦዎቹን አዘረጋግ ስታይ ወዲያው አወቀችው፤ የአባቷ ዳስ ነው። ያ ቋጠሮ የበዛበት ሲባጎ የለካው ድርሻን ሳይሆን ይህን ነበር።

ይህ እፎይ ሊያሰኛት ይገባ ነበር። ነገር ግን እሷ የሰፋችውን ልብስ የለበሰች ልጅ ከቤት ሮጣ ወጥታ መሰላሉን ያዘችለት። ቀጥሎ ፀጉር ሠሪዋ በብርጭቆ ውሃ አመጣችለት፤ ድንቡሼ ከመሰላሉ ወርዶ በሁለት እጁ ተቀበላት፣ ቆሞ ጠጣ፣ ፊቷን ሳያይ ብርጭቆውን መለሰ። ልብስ ሰፊዋ ከተደገፈችበት የሱቅ መዝጊያ ጀርባ ሆና፣ ሰው ፊት ሲሆኑ እንዲህ የሚተፋፈሩ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው አለች በልቧ።

በሌላ ቀን፣ ድንቡሼ መጋዘን መሆኑን አረጋግጣ፣ ፀጉሯን ልትታጠብ ገባች።

ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ መስተዋት፣ ሁለት ወንበር፣ የመታጠቢያ ገንዳ። ሌላ ደንበኛ አልነበረም፤ ልጅቱም ትምህርት ቤት ናት። ፀጉር ሠሪዋ ከእሷ ብዙ የምታንስ፣ ክንዷ ጠንካራ፣ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት። ለታላቅ እንደሚገባው «እርስዎ» እያለች አንገቷን ገንዳው ላይ አስደገፈቻት፣ ውሃው እንዳያቃጥላት ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ ጣሪያውን እያየች ወሬውን ከወይኑ ጀመረች፤ ማን ተከለላችሁ አለቻት።

ፀጉር ሠሪዋ አንድ ችግኝ ሻጭ ነው አለች። ደንበኞቿ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አይቶ ጥላ ያስፈልጋችኋል ብሎ መጣ፤ ለችግኙ ከፈለችው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለመከርከሙም ለማሰሩም ገንዘብ አልቀበልም አለ።

«መጀመሪያ ጠርጥሬው ነበር» አለች፣ ጭንቅላቷን እያሸች። «ባል የሌላት ሴት ደጅ የሚመላለስ ወንድ ምን ፈልጎ ነው አልኩ። ስንት ጊዜ ሆነው፤ እስካሁን አንድ ቀን በዚህ በር ገብቶ አያውቅም። ልጄ ጋሼ ወይኑ ነው የምትለው።»

«ባልሽስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ልጄ ሳትወለድ ነው የሞተው።»

ልብስ ሰፊዋ ውሸት ነው ብላ አሰበች። ሁለቱም ተማክረው የያዙት ተረት መሰላት። ያን ጊዜ ይዛው የከረመችው ነገር ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ሰውየው ችግኝ ሻጭ እንዳልሆነ፣ ወንድሟ እንደሆነ፣ ሹፌርነቱን ከተወ በኋላ ከጆንያ ተሸካሚነት ሌላ ሥራ እንደሌለው፣ ከእስር ቤት የወጣው በቅርቡ መሆኑን ነገረቻት። ቤት አለኝ ብሎሽ ከሆነ ቤቱ የእኔም ነው፣ ከእሱ ምንም አትጠብቂ አለቻት።

ፀጉሯ ውስጥ ያሉት እጆች ቆሙ።

«የምን ሹፌር?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«የጭነት መኪና።»

«በምን ነበር የታሰረው?»

ውሃው ከጎን ይፈሳል። ልብስ ሰፊዋ አንገቷ እንደተቀለበሰ ዓይኗን ወደ መስተዋቱ አዞረች። ጥጉ ላይ ትንሽ ፎቶ ተሰክቷል፤ አንድ ጎልማሳ ብስክሌት ደግፎ ይስቃል። የያኔው ችሎት፣ ከኋላ የሚቀመጡት ወንድማማቾች፣ የአልጋ ቁራኛ የተባለችው ሴት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡባት።

«ሰው ገጭቶ ነው?» አለች ሴትየዋ፣ ቀስ ብላ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከፎቶው ላይ ነቅላ ጨፈነች።

ፀጉር ሠሪዋ እጇን መልሳ ፀጉሯ ውስጥ አስገባችና ሳሙናውን ታጥብላት ጀመር፤ አረፋው እስኪያልቅ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አጠበቻት። ፎጣ ጠመጠመችላት። በሩን ከፈተች።

«ተነሺና ውጪ» አለቻት። እርስዎ ማለቷ ቀርቶ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ያን ሁሉ መንገድ ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ ሄደች። ፎጣው አንገቷ ላይ እንዳለ ያወቀችው ግቢዋ ስትገባ ነው። ድንቡሼ ከመጋዘን ተመልሶ አፈር ይነፋ ነበር። ፎጣውን አየ፤ የማን እንደሆነ አወቀ፤ ወንፊቱን አስቀመጠ።

«ምን አልሻት?» አለ።

«ሁሉንም። ሳላውቅ ነው ድንቡሼ።»

«ልጅቱ ነበረች?»

«አልነበረችም።»

ጥቂት ቀለል ያለው መሰለ፤ ከዚያ የወይኑ ግንድ ሥር ተቀመጠ። ለምን ደበቅከኝ አለችው። በመጀመሪያ የሟቹን ሚስት ቤት አጠያይቆ የሄደው ይቅርታ ሊጠይቅ እንደነበር ነገራት። በመንገድ ሁሉ የሚለውን እየደጋገመ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ሴትየዋ ማበጠሪያ በጥርሷ ይዛ ምን ነበር አለችው፤ ሴቶቹ ፀሐይ እየመታቸው ግድግዳ ተጠግተው ተቀምጠዋል፤ የተዘጋጀው ቃል ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«ጥላ ያስፈልጋችኋል አልኳት» አለ። «ሌላ የመጣልኝ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ልጅቱ እየሮጠች ስትመጣ ነገ እላለሁ። ሪባኗን ቀንበጥ ላይ አስራ ይህ የእኔ ነው ትለኝ ነበር። አንቺስ እትዬ፣ ምን ብለሽ ነው የጠረጠርሽኝ?»

ነገረችው። መጋዙን፣ ሲባጎውን፣ ቤቱን፣ አክስታቸውን፣ አንዱንም ሳታስቀር። እሱ ቀና ብሎ በኮሪደሩ በኩል የሚታየውን ጓጉንቸር አየ።

«እኔ ደግሞ የእናታችንን ዕቃ ከአይጥ የደበቅሽ መስሎኝ ነበር» አለ። ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነው፤ አልሆነለትም።

ጓጉንቸሩን በዚያው ምሽት ፈታችው። አክስትም ሌላ ወሬ ይዛ ስትመጣ፣ ስለ ወንድሜ የሚወራ ካለ ከበር መልሽው አለቻት፤ አክስት አኩርፋ ከርማለች።

ድንቡሼ በማግስቱ መቀስ ሳይዝ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደ። የሆነውን ከተመለሰ በኋላ ባጭሩ ነው የነገራት። ሴትየዋ በረንዳው ላይ ወጥታ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ፣ ባሌን መግደልህን ፈርደው አስረውሃል፣ እሱን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ፤ ልጄን ግን ማን እንደሆንክ ሳትነግረኝ ራስህን አስለምደሃታል፣ ይህን ማን ፈቀደልህ አለችው። ሁለተኛ በዚህ መንገድ እንዳትታይ አለችው። ልክ ናት አለ ድንቡሼ።

ከዚያ ወዲህ የራሳቸውንም ወይን ፊት ነሳው። ከሥራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ሲወጣ እሷ ናት ያየችው። ምን ላድርግ ስትለው ከአልጋው ሳይነሳ፣ ቢጫውን የድኝ ዱቄት ገዝተሽ በጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ንፊበት፣ የታፈነበትንም ቅጠል አንሺለት አላት። የስፌት መቀሷ እንዳይበላሽባት ሳስታ የእሱን መቀስ አነሳች። ሻጋታው ቆመ። ፍሬው ሲደርስ ለቀማውንም እሷው ሠራችው፤ የድሮው ጣዕም ነው ብላ ሰሐን ሞልታ ብታቀርብለት ጥቂት ፍሬ ቀመሰና ሰሐኑን ወደ እሷ መለሰው።

ቅጠል ሲረግፍ ልብስ ሰፊዋ ለልጅቱ አዲስ የትምህርት ቤት ልብስ ሰፋች፤ እንዳደገች ገምታ ወርዱን ለቀቅ አድርጋዋለች። ያንን ፎጣ አጥባና ተኩሳ ከላዩ አድርጋ ያን መንገድ ሄደች። እግሯ ወደኋላ ይስባት ነበር።

ወይኑ አልተቆረጠም። ግን የነካው ስለሌለ ዘንጎቹ ተወሳስበው ወደ ጣሪያው ገብተዋል፤ አንዱ የውሃ መውረጃውን አሸንዳ ከቦታው ነቅሎ አንጠልጥሎታል። ፀጉር ሠሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት፤ ግቢም ውጪም አላለቻትም።

«እሱ ነው የላከዎት?» አለች።

«አይደለም። መምጣቴንም አያውቅም።»

«ጨርቁን ማን ነው የገዛው?»

«እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ልብሱን ወስዳ ስፌቱን ገልብጣ አየች፤ ውስጡ የተደበቀ ነገር የምትፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። በተናደደችበት ሰሞን ወይኑን ልትጥለው ከጎረቤት መጋዝ ተውሳ እንደነበር ነገረቻት። ደንበኞቿ ምን በደለሽ ብለው ከበቧት፤ እውነቱን ብትነግራቸው በማግስቱ ልጇ ጆሮ ይደርሳል። መጋዙን መለሰችው።

«ጥላው ያስፈልገኛል» አለች። «ከመጣ ወዲህ ደንበኛ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ይህን ስል ግን ይቅር አልኩት ማለቴ አይደለም።»

«ገብቶኛል።»

«እሱ እንዳይመጣ።»

«አይመጣም።»

ሴትየዋ የተንጠለጠለውን አሸንዳ ቀና ብላ አየች። «እርስዎ ያውቁበታል?»

«አላውቅበትም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ግን እማራለሁ።»

ያን ምሽት ድንቡሼን ወጣት ወይን እንዴት እንደሚከረከም ጠየቀችው። ግቢያቸው ውስጥ ያለው ወይን አሮጌ ነው። ወንድሟ ረዘም ላለ ጊዜ አያት፤ የትኛው ወጣት ወይን ብሎ ግን አልጠየቀም። ተነስቶ ጫማውን አደረገ። ጓሮ ወስዶ መቀሱን አስያዛት፣ በአሮጌው ላይ እያሳየ ስለ ወጣቱ አስተማራት። ጠንካራውን ዘንግ ለክንድነት ትመርጫለሽ፣ የቀሩትን ሁለት ዓይን ትተሽ ታሳጥሪያለሽ፣ ስትቆርጪ ውሃው ዓይኑ ላይ እንዳይወርድ ከዓይኑ በተቃራኒ አዘንብለሽ ቁረጪ አላት። ስትሳሳት እጇን ይዞ ይመልሳታል፤ ልብስ ስትሰፋ የማትቸኩል ሴት እዚህ ምን ያቻኩልሻል ይላታል። ወደ ጓሮ ሲወጣ ያየችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ፀጉር ቤት መሰላል ላይ በወጣችበት ቀን ሴትየዋ ደንበኛዋን ትታ፣ ማበጠሪያ እንደያዘች ከሥር ቆመች። ይህን ለምን ቆረጡት፣ ያንንስ ለምን ተዉት እያለች ከመጀመሪያው ዘንግ እስከ መጨረሻው ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ በቀስታ መለሰች። የተንጠለጠለውን አሸንዳም ወደ ቦታው መልሳ በሽቦ አሰረችው። መጨረሻው ላይ ልጅቱ ከትምህርት ቤት መጣች፤ አዲሱን ልብስ ለብሳለች፣ ወርዱም ልክ ሆኗል። መሰላሉ ላይ ሌላ ሰው አይታ ቆመች።

«ጋሼ ወይኑስ?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ እናትየዋን አየቻት። ሴትየዋ ማበጠሪያውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ሥራ በዝቶበት ነው» አለች ለልጇ። «ግቢና እጅሽን ታጠቢ።»

ልጅቱ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ስትወርድ ሴትየዋ መሰላሉን ያዘችላት።

ቤቷ ስትደርስ ድንቡሼ ወጥ ቤት ቆሞ ሽንኩርት ይልጥ ነበር። መቀሱን ጠርጋ ቦታው ላይ ስታስቀምጠው ዞር ሳይል ጠየቃት።

«ግንዱ ምን ያህል ሆነ?»

አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ገጥማ አሳየችው። እጁን በፎጣ አድርቆ መጣና ጣቶቿን ትንሽ አጠጋጋቸው፣ ይህን ያክላል? በሚል ዓይን፤ እሷም መልሳ አሰፋቻቸው።

«እንግዲያው ቋሚው ላይ ያሰርኩት ሲባጎ ጠቦታል» አለ። «ግንዱ ውስጥ ሳይገባ ቶሎ ሄደሽ ፍቺው። ላላ አድርገሽ እሰሪው።»

«እሺ» አለች፤ ቢላዋ አንስታም የቀረውን ሽንኩርት ትልጥለት ጀመር።